የቤዝ ጊታር ፒክአፕ፣ ብሪጅና መቃኛ አቀያየር

ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ማግኔትና ጥቅል) ከመግዛታችሁ በፊት ክር ቀይሩ። ብዙ የተመታ ክር በጥምጥሙ መሃል ላብና እድፍ ይይዝና ድምፁ ይታፈናል፤ የታፈነ ክር ላይ ምን ዓይነት ፒክአፕ ቢገጠም የሚሰማው ያው የታፈነ ድምፅ ነው። ክሩ ተቀይሮ፣ የነበረው ፒክአፕ ከፍታም በብሎኑ ተስተካክሎ፣ ድምፁ አሁንም ካልጣማችሁ ያኔ ፒክአፑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ቅኝት አልረጋ ካለ፣ ሳድል፣ ማለትም ብሪጁ (ክሮቹን አካሉ ላይ የሚይዘው ብረት) ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቁራጭ፣ ከቦታው ከሸሸ ወይም ክር ሲመታ አንዳች ብረት አብሮ ከተንቀጫቀጨ ግን ፒክአፕ ምንም አያደርግላችሁም። ችግሩ ብሪጁ፣ መቃኛው ወይም ነቱ (ጭንቅላቱ አጠገብ ክሮቹ የሚያልፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ) ጋ ነው።

ይህን መለየት ከከንቱ ወጪ ያድናል። የድምፁን ጠባይ የሚለውጡት ፒክአፕ፣ ፖት (ከማዞሪያው ሥር ያለው ተለዋዋጭ ሬዚስተር) እና ካፓሲተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚቀንሰው ክፍል) ናቸው። ብሪጅና መቃኛ በዋናነት የሚሰጡት የሚረጋ ቅኝትና በትክክል የሚስተካከል ክር ነው። ከባድ ብሪጅ ድምፁን ያረዝማል፣ ያወፍራል እየተባለ ብዙ ይወራለታል፤ ለውጥ ቢኖር እንኳ ትንሽ ነው፣ አዲስ ክር ከሚያመጣው ጋር አይወዳደርም። እንዲህ ያለ ብሪጅ መግዛት የሚያዋጣው ሳድሎቹ በቦይ ውስጥ ስለሚሄዱ ወደ ጎን ስለማይሸሹና ብሎኖቹ በንዝረት በቀላሉ ስለማይላሉ ነው።

ያላችሁን ለዩ፣ ለኩ

አብዛኛው ቤዝ ከሁለት የፌንደር ሞዴሎች የወረደ ነው። ፕሪሲዥን ቤዝ በ1951 ወጣ፤ ዛሬ «ፒ» የምንለውን ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ ያገኘው ግን በ1957 ነው። ጃዝ ቤዝ በ1960 ሁለት ረዣዥምና ቀጫጭን ፒክአፖች ይዞ መጣ፤ እነዚህ «ጄ» ይባላሉ። በ1976 የወጣው የሚዩዚክ ማን ስቲንግሬይ ደግሞ ትልቅ ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) እና በባትሪ የሚሠራ ፕሪአምፕ (ሲግናሉን ቀድሞ የሚያጎላ ክፍል) አለው። ከእነዚህ ሌላ መሃሉ ላይ ብረት የማይታይበት፣ እንደ ሳሙና ድፍን የሆነው «ሶፕባር» አለ።

የፒ ፒክአፕ ሁለት ግማሾች በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠሙና በተቃራኒ ማግኔት የተሠሩ በመሆናቸው ከመብራት መስመር የሚመጣውን እምም የሚል ድምፅ፣ ማለትም ሃም የሚባለውን፣ እርስ በርስ ያጠፋፉታል። በጄ ላይ ይህ የሚሆነው ሁለቱም ቮልዩሞች እኩል ሲከፈቱ ብቻ ነው። አንዱን ስትቀንሱ ሃም ከመጣ ጄ ፒክአፕ ጠባዩ ነው እንጂ አልተበላሸም። ይህ ካስቸገራችሁ ከውጭ ጄ መስሎ ውስጡ ባለ ሁለት ጥቅል የሆነ፣ ሃም የማያሰማ ዓይነት ይመረታል።

ከማዘዛችሁ በፊት በካሊፐር የሚለኩ ነገሮች አሉ። እዚህ ላይ የሚጠፋ ግማሽ ሰዓት በኋላ እንጨት ከመቅደድ ያድናል።

የጄ ፒክአፖች እኩል አይደሉም፤ በአብዛኛው የብሪጁ በኩል ያለው ከአንገቱ በኩል ካለው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ሁለት የአንገት ፒክአፕ ያዘዘ ሰው በብሪጅ በኩል ክፍተት ይተርፈዋል፤ ሁለት የብሪጅ ያዘዘ ደግሞ ጉድጓዱን መሞረድ ሊኖርበት ነው። አንዳንድ ቤዞች ሁለቱንም እኩል መጠን ስለሚያደርጉ የሚታመነው የራሳችሁ ልኬት ብቻ ነው። ሶፕባር ላይ የሽፋኑ ቅርፅ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ለምሳሌ የኢኤምጂ 35 ሽፋን 88.9 በ38.1 ሚሊሜትር ነው። ርዝመት፣ ስፋትና የጉድጓዱን ጥልቀት ጻፉ።

ፖት ላይ የአካሉን ስፋት፣ የቀዳዳውን ዲያሜትርና የዘንጉን ዓይነት ተመልከቱ። ትልቁ፣ ወደ 24 ሚሊሜትር የሚሰፋው ፖት አንገቱ 9.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ርካሽ ቤዞች ላይ በብዛት የሚገኘው 16 ሚሊሜትሩ ፖት ቀዳዳው 7 ወይም 8 ሚሊሜትር ነው። ቀዳዳ ማስፋት ይቻላል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቦታ ከጠበበ ግን በአነስተኛው መጠን ጥሩ ጥራት ያለው ፖት መግዛት ይሻላል። ዘንጉ ጥርስ ካለው የጥርሱ ብዛት ከማዞሪያው ጋር መግጠም አለበት፤ ባለ 18 ጥርስ ማዞሪያ ባለ 24 ጥርስ ዘንግ ላይ በጉልበት ሲጫን ዘንጉ ተሰንጥቆ ይገባል። ለስላሳ ዘንግና በትንሽ ብሎን የሚጠበቅ ማዞሪያ ከዚህ ጣጣ ያወጣል፤ 6 ሚሊሜትር ዘንግ ከ6.35 ሚሊሜትር እንደሚለይ ብቻ አትርሱ።

ብሪጅ ላይ የብሎኖቹን ቀዳዳዎች አቀማመጥና ከክር መሃል እስከ ክር መሃል ያለውን ርቀት ለኩ፤ የተለመደው 19 ሚሊሜትር ነው። የሳድሉን ዝቅተኛ ከፍታም ጠይቁ። ወፍራም መሠረት ያለው ብሪጅ ሳድሉ እስከ መጨረሻ ዝቅ ብሎም ክሩን ከፍ አድርጎ ሊያስቀር ይችላል፤ ያኔ አንገቱ ሥር ስስ ሽፋን ማስገባት ግድ ይሆናል። መቃኛ ላይ የጭንቅላቱን ቀዳዳ ዲያሜትርና ከኋላ ያሉትን የትንንሽ ብሎኖች ቦታ ለኩ። ቤዛችሁ በማሰሪያ ሲንጠለጠል አንገቱ ወደ መሬት የሚዘነበል ከሆነ ቀላል ክብደት ያለው መቃኛ ምረጡ፤ ክብደቱ የሚቀነሰው ጫፍ ላይ ስለሆነ ትንሽ ግራም እንኳ ትከሻ ላይ ይታወቃል።

ዕቃና መሣሪያ

ለአንድ ፒ ቤዝ የሚያስፈልገው፦ አንድ ጥንድ ፒክአፕ፣ ሁለት ባለ 250 ኪሎ ኦም ኦዲዮ ቴፐር (ሲዞር ድምፁ ለጆሮ በእኩል የሚጨምር) ፖት፣ አንድ 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ አንድ ባለ 6.35 ሚሊሜትር ሞኖ ጃክ (ገመዱ የሚሰካበት)፣ አንድ ሜትር ያህል 22 ጌጅ ገመድ፣ ከፎይሉ ጀርባ ያለው ማጣበቂያም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የመዳብ ፎይል፣ አንድ ሙሉ የክር ጥቅል። ለጄ ቤዝ ፖቱ ሦስት ይሆናል፦ ሁለት ለቮልዩም፣ አንድ ለቶን (ድምፁን ለሚያጨልመው ማዞሪያ)።

የፖቱ ቁጥር ለጌጥ አይደለም። ፖት ከፒክአፑ ላይ ሁልጊዜ ጥቂት ይጠባል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀጭኑን ድምፅ ይበልጥ ያፈሳል። ለፒና ለጄ 250፣ ለሃምበከር በብዛት 500 ኪሎ ኦም ይሆናል። እንደ ኢኤምጂ ያሉ ባትሪ የሚፈልጉ ፒክአፖች 25 ኪሎ ኦም ነው የሚፈልጉት፤ እነሱ ላይ 250 ብትገጥሙ ማዞሪያው እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ይሆናል፣ መሃል ላይ ምንም አይሰጥም። ካፓሲተሩን በተመለከተ፣ ፓሲቭ (ባትሪ የሌለው) ቤዝ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ባለ ብዙ ቮልት ካፓሲተር መግዛት አያስፈልግም። ድምፁን የሚወስነው የማይክሮፋራዱ ቁጥር ነው፤ 0.047 መደበኛው ሲሆን 0.1 ቶኑ ሲዘጋ ይበልጥ ያጨልማል።

መሣሪያው ከ40 እስከ 60 ዋት የሆነ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሶልደር መበየጃ፤ 0.8 ሚሊሜትር 60/40 ባለ ሮዚን ሶልደር፤ የድሮውን ሶልደር መምጠጫ፤ መልቲሜትር፤ የሚመጥኑ ካቻቢቴዎች፤ መቁረጫ ፒንሳ፤ ኤል ቁልፎች፤ መሰርሰሪያና ፑንታዎች፤ ናስትሮ። ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆነውን እንጂ ለቧንቧ የሚሆን ፍሉክስ (ሶልደሩ እንዲያያዝ የሚረዳ ቅባት) በፍጹም አትጠቀሙ፤ አሲዱ ሽቦውን ውሎ አድሮ ይበላዋል።

መፍታት

ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉ። ክሮቹን ከመቁረጣችሁ በፊት በመቃኛው ሙሉ በሙሉ አላሉ፤ የተወጠረ ክር ሲቆረጥ ተስፈንጥሮ ዓይን ሊመታ ይችላል። የመቆጣጠሪያውን ክዳን ወይም ፒክጋርዱን (ከፊት ያለውን ስስ ሽፋን) ከፍታችሁ ከአንድም ሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፣ የትኛው ቀለም ገመድ የትኛው የፖት እግር ላይ እንዳለ በወረቀት ሳሉ። አንዲት ገመድ ፈልጉ፦ ከመቆጣጠሪያው ጉድጓድ ተነስታ በእንጨቱ ውስጥ አልፋ ብሪጁ ሥር የምትወጣውን። እሷ ክሮቹን ከግራውንድ (የሲግናሉ የጋራ መመለሻ ከሆነው መስመር) የምታገናኝ ናት። አሮጌው ፒክአፕ የሚሠራ ከሆነ ገመዱን ፖቱ አጠገብ በሶልደር ፍቱት እንጂ አትቁረጡት።

መጀመሪያ እንጨት የሚነካው ሥራ

ብሪጅና መቃኛ ከኤሌክትሮኒክሱ በፊት ይገጠማሉ። የመሰርሰሪያ ፍቅፋቂና የብረት ብናኝ ፒክአፕ ማግኔት ላይ ከተጣበቀ ማውጣቱ አድካሚ ነው።

አዲሱ ብሪጅ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ላይ በትክክል ከተቀመጠ ሥራው የአሥር ደቂቃ ነው። ብሎኖቹ ከላሉ ስቴኪኒ በእንጨት ኮላ ነክራችሁ ቀዳዳው ውስጥ ሙሉበት፣ ሲደርቅ ከላይ ቁረጡት። ቀዳዳዎቹ በከፊል ከተደራረቡ ግን ስቴኪኒ አይበቃም። የድሮውን ቀዳዳ በ6 ሚሊሜትር ፑንታ አስፍታችሁ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ ድቡልቡል ዘንግ በኮላ ትከሉበት፣ ሌሊቱን አሳድሩት፣ ከዚያ እንደ አዲስ ሰርስሩ። ይህን ዘሎ ግማሽ አሮጌ ቀዳዳ ላይ የሰረሰረ ሰው ፑንታው ወደ ባዶው ተንሸራቶ ብሪጁን ጠማማ ያደርግበታል።

አዲስ ቦታ ላይ የምትሰረስሩ ከሆነ የክሩን ርዝመት አስሉ። የተለመደው ቤዝ ስኬሉ (ከነት እስከ ሳድል ያለው የክር ርዝመት) 34 ኢንች፣ ማለትም 864 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከነቱ ውስጠኛ ጠርዝ እስከ 12ኛው ፍሬት መሃል 432 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከዚያው ፍሬት ሌላ 432 ሚሊሜትር ለክታችሁ የጂ ክር ሳድል ከሚቀመጥበት መስመር ላይ ምልክት አድርጉ። ብሪጁን የምታስቀምጡት የጂ ሳድል እዚያ መስመር ላይ ሆኖ ወደ ኋላ የሚሄድበት ሰፊ ቦታ ሲተርፈው ነው፤ ወፍራሞቹ ክሮች ሁልጊዜ ይበልጥ ወደ ኋላ መሸሽ ይፈልጋሉና። የጎን አቀማመጡን ለማረጋገጥ ሁለት የስፌት ክሮች ከነቱ የኢና የጂ ቦይ እስከ ሳድሎቹ ወጥራችሁ ከጣት ሰሌዳው ዳርና ዳር እኩል መራቃቸውን ተመልከቱ።

የፑንታውን መጠን ለመምረጥ ፑንታውን ከብሎኑ ፊት ለፊት ይዛችሁ በብርሃን እዩ፦ የብሎኑ ግንድ በፑንታው ሙሉ በሙሉ ተጋርዶ ጥርሱ ብቻ ግራና ቀኝ ከታየ መጠኑ ልክ ነው። ፑንታው ላይ በናስትሮ የጥልቀት ምልክት አድርጉ። የብሎኑን ጥርስ በደረቅ ሳሙና ወይም በሻማ ሰም አሽታችሁ በእጅ ካቻቢቴ አስገቡት። ያለ ቀዳዳ በጉልበት የገባ ብሎን ወይ ቫርኒሹን ይሰነጥቃል ወይ ራሱ ይበጠሳል።

ብሪጁን ስታጠብቁ የግራውንዷ ገመድ የተላጠ ጫፍ በብረቱና በእንጨቱ መሃል ተዘርግቶ መጫን አለበት። ከዚያ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ብሪጁ ላይ፣ ሌላውን በመቆጣጠሪያው ጉድጓድ ባለው የገመዷ ጫፍ ላይ አድርጉ፤ ወደ ዜሮ ኦም ካልቀረበ ብሪጁን ነቅላችሁ የሚነካበትን ቦታ ቫርኒሹን ፋቁ። ጥቁር ቅብ ያላቸው ብሪጆች ላይ ቅቡ ራሱ ኤሌክትሪክ ሊከለክል ስለሚችል ከሥር ትንሽ ቦታ ፍቆ ብረቱን ማውጣት ያስፈልጋል።

መቃኛ ላይ ደንቡ ያው ነው፤ ብሎኖቹ ትንንሽና ለስላሳ ብረት ስለሆኑ የፑንታው ነገር ይበልጥ ይጠነክራል። ከፊት በኩል የሚጠበቅ ዳዶ ካለው ከብሎኖቹ በፊት እሱን በእጅ አስገብታችሁ መቃኛውን በቀጥታ አስቀምጡ፣ ከዚያ ከኋላ ሰርስሩ።

ነት የምትቀይሩ ከሆነ ዙሪያውን በምላጭ ቫርኒሹን ቁረጡ፤ ካልሆነ ነቱ ሲወጣ ቅርፊት ይዞ ይነሳል። በትንሽ እንጨትና መዶሻ ወደ ጎን መታ መታ አድርጋችሁ አውጡት። አዲሱን በሁለት ጠብታ ኮላ ብቻ አጣብቁ፤ አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርምና። የቦዮቹ ጥልቀት እንዲህ ይታያል፦ ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ በ1ኛው ፍሬትና በክሩ መሃል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። በጣት ነካ ስታደርጉት ክሩ ጥቂት ወርዶ ጠቅ የሚል ከሆነ፣ ክፍተቱም ከወረቀት ውፍረት ብዙ የማይበልጥ ከሆነ ልክ ነው። ክሩ ፍሬቱን ቀድሞ ከነካ ቦዩ ጠልቋል፤ ባዶ ክር ሲመታ ይንቀጫቀጫል።

የመዳብ ሽፋን

ለፒ ቤዝ ግዴታ አይደለም፤ ለጄ ግን ልፋቱን ይከፍላል። የፒክአፑንና የመቆጣጠሪያውን ጉድጓዶች ውስጥ በፎይል አልብሱ፣ ጠርዞቹ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ይደራረቡ። በየመጋጠሚያው ላይ አንዳንድ ነጥብ ሶልደር አድርጉና የትኛውም ጫፍ ከየትኛውም ጫፍ ጋር መገናኘቱን በመልቲሜትር ፈትሹ። ከፎይሉ አንድ ገመድ ወደ ግራውንድ ይሂድ። ክዳኑም ከውስጥ ይለበስና ፎይሉ ከጉድጓዱ ፎይል ጋር እንዲነካካ ጠርዙ ላይ ምላስ ተዉለት። ፎይል ያለበት ጉድጓድ አዲስ አደጋ ይዞ ይመጣል፦ የጃኩ የሲግናል ምላስ መሰኪያ ሲገባ ወደ ጎን ይለጠጥና ግድግዳውን ይነካል፣ ድምፁም ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ ጃኩ ትይዩ ባለው ፎይል ላይ ናስትሮ ለጥፉ። ፎይሉ የሚቀንሰው ከዲመር (የመብራት ማደብዘዣ)፣ ከፍሎረሰንት መብራትና ከመሳሰሉት በአየር የሚመጣውን የዝዝ ድምፅ ነው። ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ራሱ የሚይዘውን ሃም አያጠፋም።

ሶልደር ማድረግ

መስኮት ክፈቱ፣ ጊታሩን በጨርቅ ሸፍኑ። ቫርኒሽ ላይ የወደቀች አንዲት ጠብታ ጠባሳ ትታ ትሄዳለች። መበየጃውን ከ350 እስከ 380 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቁ፣ ጫፉን በእርጥብ ስፖንጅ ጠርጋችሁ በሶልደር አብረቅርቁት።

ጀማሪ የሚሸነፈው ፖቱ ጀርባ ላይ ነው። ሰፊ ብረት ስለሆነ ሙቀቱን ይበላል፤ ሶልደሩ ላዩ ላይ ኳስ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ አይያያዝም። የፖቱን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ቧጥጡ፣ የመበየጃውን ጠፍጣፋ ጎን ሙሉ በሙሉ አስተኙበት፣ ሶልደሩን በመበየጃው ላይ ሳይሆን በሁለቱ መገናኛ ጠርዝ በኩል ስጡት። በ3 ወይም 4 ሰከንድ ውስጥ ሶልደሩ እንደ ውኃ ተዘርግቶ ብረቱን ማርጠብ አለበት። ካልተዘረጋ መበየጃውን አንሱ፣ ፖቱ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ጫፉን አጥርታችሁ ድገሙ። በአንድ ቦታ አሥር ሰከንድ ማቃጠል በውስጡ ያለውን የካርቦን መንገድ ይጎዳል፤ ምልክቱ በኋላ ፖቱ ሲዞር የሚሰማው የመንኮሻኮሽ ድምፅ ነው። ገመዱን ለብቻው ሶልደር አጠጡት፣ በመጨረሻም ሁለቱን አገናኙና እስኪጠነክር ድረስ እጃችሁ አይንቀጥቀጥ። ሲጠነክር የተነቃነቀ መጋጠሚያ ሻካራና ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ ዛሬ ይሠራል፣ ሌላ ቀን ይቆራረጣል። ሲጨርሱ እጅ መታጠብ ያስፈልጋል፣ 60/40 ሶልደር ውስጥ እርሳስ አለ።

የፒ ቤዝ ግንኙነት

ፖቱን ከጀርባው፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ተመልከቱት።

1. የቮልዩሙ ቀኝ እግር ታጥፎ ፖቱ ጀርባ ላይ ይበየዳል፤ ይህ ግራውንድ ነው።
2. የፒክአፑ የሲግናል ገመድ ግራ እግሩ ላይ ይገባል።
3. ከመሃል እግሩ አንድ ገመድ ወደ ጃኩ የሲግናል ምላስ ይሄዳል።
4. ከዚያው ከቮልዩሙ ግራ እግር ሌላ ገመድ ወደ ቶኑ መሃል እግር ይሄዳል።
5. ካፓሲተሩ ከቶኑ ቀኝ እግር ተነስቶ ቶኑ ጀርባ ላይ ይበየዳል።
6. የፒክአፑ ግራውንድ፣ የብሪጁ ገመድ፣ የፎይሉ ገመድና የጃኩ ሰውነት ሁሉም ቮልዩሙ ጀርባ ላይ ይሰበሰባሉ፤ የሁለቱ ፖቶች ጀርባም በገመድ ይገናኛል።

የኢና የኤ ክሮች ግማሽ ወደ አንገቱ፣ የዲና የጂ ግማሽ ወደ ብሪጁ በኩል ይቀመጣል። ሁለቱን የምታገናኘውን ገመድ እንዳትገለብጡ። በፒ ላይ እያንዳንዱ ክር በአንድ ግማሽ ብቻ ስለሚሰማ ከተገለበጠ ድምፁ ደህና ይመስላል፤ የሚያጋልጠው ሃም ነው፣ መጠፋፋቱ ቀርቶ ይደመራል።

የጄ ቤዝ ልዩነት

እዚህ የፒክአፑ ሲግናል መሃል እግር ላይ ይገባል፣ የሚወጣው ደግሞ ከግራ እግር ነው። የሁለቱ ቮልዩሞች ግራ እግሮች ተገናኝተው ወደ ጃኩና ወደ ቶኑ መሃል እግር ይሄዳሉ። እንደ ፒ አድርጋችሁ ብትገጥሙት አንዱን ቮልዩም ስትዘጉ ሁለቱም ፒክአፖች ዝም ይላሉ።

ባትሪ የሚፈልግ ከሆነ

የጃኩ ዓይነት ስቴሪዮ ይሆናል፦ ጫፉ ሲግናል፣ ሰውነቱ ግራውንድ፣ መሃለኛው ቀለበት ለባትሪው ኔጌቲቭ። ሞኖ መሰኪያ ሲገባ ቀለበቱን ከሰውነቱ ጋር ያገናኘዋል፣ ኤሌክትሪኩም ይበራል። ስለዚህ ገመዱን ሰክቶ መተው ባትሪ መጨረስ ነው። 9 ቮልት ባትሪ ወደ 48 በ26 በ17 ሚሊሜትር ቦታ ይወስዳል፤ ጉድጓዱ መብቃቱን ቀድማችሁ ፈትሹ። ኢኤምጂ የክሮቹን ግራውንድ ገመድ አይፈልግም፤ የብሪጁን ገመድ ጫፉን በናስትሮ ጠቅልላችሁ ተዉት።

ክር ከመግባቱ በፊት መፈተሽ

ገመድ ጃኩ ላይ ሰኩ፣ በገመዱ ሌላ ጫፍ ላይ በመሰኪያው ጫፍና ሰውነት መሃል ኦም ለኩ፣ ፖቶቹ ሁሉ ተከፍተው። ፒ ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ በ10 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፤ ፖቱ ጎን ለጎን ስላለ ከአምራቹ ቁጥር ጥቂት አንሶ ይነበባል። ጄ እያንዳንዱ 7.5 ኪሎ ኦም ቢሆን ሁለቱም ሲከፈቱ 3.6 ያህል፣ አንዱ ሲዘጋ ወደ 7 መነበብ አለበት። ዜሮ ካነበበ ሲግናሉ የሆነ ቦታ ግራውንድ ነክቷል። ብዙ መቶ ኪሎ ኦም ወይም ምንም ካላነበበ ተቆርጧል። ይህ ልኬት ለፓሲቭ ብቻ ነው፤ ባትሪ ያለውን በዚህ መንገድ አትለኩ።

ቁጥሩ ልክ ከሆነ አምፕሊፋየሩን በዝቅተኛ ድምፅ ከፍታችሁ ፒክአፑን በትንሽ ካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉ፤ ቶክ ቶክ ማለት አለበት። በጄ ላይ እያንዳንዱ ለየብቻ ወፍራም ሆኖ ሁለቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ ድምፁ ቀጥኖ ባሱ ከጠፋ ፌዛቸው (የሲግናላቸው አቅጣጫ) ተቃራኒ ነው። የአንዱን ፒክአፕ ሁለት ገመዶች አገላብጡ። ያ ፒክአፕ የብረት ሽፋን ወይም መከላከያ ካለውና ከግራውንድ ገመዱ ጋር ከተያያዘ ግን ሌላኛውን አገላብጡ፣ አለበለዚያ ሽፋኑ ሲግናል ተሸክሞ በእጅ ሲነካ ይጮኻል።

ክር ከገባ በኋላ የሚሰማ ድምፅም ይናገራል። ክር ስትነኩ ዝዝታው ከቀነሰ ግራውንዱ ይሠራል ማለት ነው። ክር ስትነኩ ከባሰ የጃኩ ሁለት ገመዶች ተገላብጠዋል። ክር ሲነካ ምንም ሳይለወጥ የጃኩ ብረት ሲነካ ብቻ ከቀነሰ የብሪጁ ገመድ ተለያይታለች።

ማስተካከል፣ በዚህ ቅደም ተከተል

ክሩን ወደ መቃኛው ከሳባችሁ በኋላ ከዘንጉ 10 ወይም 12 ሴንቲሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡ፤ የምትቆርጡበትን ቦታ ቀድማችሁ በፒንሳ በቀጥታ ማዕዘን እጠፉት፣ ካልሆነ ጥምጥሙ ከውስጠኛው ሽቦ ላይ ይላላል። ጫፉን ዘንጉ መሃል ባለው ቀዳዳ አስገብታችሁ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ወደ ታች አውርዱ።

ኢ 41.2፣ ኤ 55፣ ዲ 73.4፣ ጂ 98 ሄርዝ አድርጋችሁ ቃኙ። ካፖ (ክሮቹን ፍሬት ላይ የሚጫን ማሰሪያ) 1ኛው ፍሬት ላይ አስራችሁ የመጨረሻውን ፍሬት በጣት ተጫኑ፣ 8ኛው ፍሬት አካባቢ ከፍሬቱ እስከ ክሩ ያለው ርቀት 0.3 ሚሊሜትር ያህል ይሁን። ከበዛ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የማስተካከያ ብረት ዘንግ) በሰዓት አቅጣጫ አጥብቁ፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ፣ እንደገና ቃኝታችሁ ለኩ። ለመዞር እምቢ ካለ አታስገድዱት፣ የተበጠሰ ትረስ ሮድ ከፒክአፕ የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል።

ከዚያ የክሩ ከፍታ፦ ካፖው ወጥቶ 17ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ለኢ 2.4፣ ለጂ 2 ሚሊሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ጣት ሰሌዳው በጣም የጎበጠ፣ 7.25 ኢንች ሬዲየስ ያለው ከሆነ 2.8 እና 2.4 አድርጉት። ቀጥሎ ኢንቶኔሽን (ክሩ በየፍሬቱ ከቅኝት አለመውጣቱ)፦ 12ኛው ፍሬት ላይ የተጫናችሁት ኖታ ከሃርሞኒኩ (እዚያው ሳትጫኑ ክሩን በጣት ነካ አድርጋችሁ ከምታወጡት ድምፅ) ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። ሳድሉን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ክሩን ጥቂት አላሉ፤ ብሎኑ የተወጠረ ክር ሲገፋ ጥርሱ ይበላል።

የፒክአፑ ከፍታ የመጨረሻው ነው፣ ሌላው ሁሉ ሲለወጥ እሱም ይለወጣልና። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ ከፒክአፑ ብረት እስከ ክሩ ሥር ለኢ 3.2፣ ለጂ 2.4 ሚሊሜትር ጀምሩ። ፒክአፕ ሥር ያለው ስፖንጅ ከደቀቀ ብሎኑን ብታላሉም ፒክአፑ አይነሳም፤ አዲስ ስፖንጅ አስገቡ። በጣም ካቀረባችሁት ማግኔቱ ክሩን ይስባል፤ ኢ ክር ላይ ከፍ ባሉ ፍሬቶች ኖታው እንደ ሁለት ድምፅ ይወዛወዛል፣ ቲዩነሩም (ቅኝቱን የሚያሳየው መሣሪያ) አንድ ቦታ አይቆምም። ያን ስትሰሙ ብሎኑን በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር እያዞራችሁ ውዝዋዜው እስኪጠፋ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ አራቱን ባዶ ክሮች በእኩል ኃይል መቱ። ፒ ላይ የኢና ኤ ግማሽ ከበለጠ እሱን ብቻ ዝቅ አድርጉ። ጄ ላይ ደግሞ የብሪጁ ፒክአፕ የክሩ ንዝረት ጠባብ የሆነበት ቦታ ስለተቀመጠ ከአንገቱ ይልቅ ጥቂት ቀረብ ማለት አለበት፤ ሁለቱን እየቀያየራችሁ ስትሰሙ ድምፁ እኩል እስኪሆን አስጠጉት።